ፈንገስ በሙቀት ክፍል



የአዋሽ ሰባት ኪሎና የሰመራ እናቶች አንድ ላይ ስንቀመጥ ወሬያችን ዞሮ ዞሮ ልጆች ላይ ያርፋል። ባለፈው ስብሰባችን አንዲት እህታችን በሰባት ወሩ ስለተወለደው ልጇ አጫወተችን። ሙቀት ክፍል ገብቶ፣ በደም ሥሩ መድኃኒት እየተሰጠው ለቀናት ተሻለው። ከዚያ መጥባት ተወ፤ ትንፋሹም ቆም ቆም ይል ጀመር። አንቲባዮቲኩ ቢቀየርም ለውጥ የለም። በኋላ ሐኪሞቹ «ፈንገስ ሳይሆን አይቀርም» አሏት። «እግር ጣት ላይ የሚወጣው?» ብላ ጠየቀቻቸው። ልጁ ተርፎ ዛሬ በእግሩ ይሄዳል፤ ሁላችንም ግን እንደ እርሷ ዕድለኞች አልነበርንም።

ጠይቀን የተረዳነው ይህ ነው። ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ የእርሾ ዓይነት ነው። በጤነኛ ሰው ቆዳ፣ አፍና አንጀት ሳይጎዳ ይኖራል። ሕፃን አፍ ውስጥ እንደ እርጎ ነጭ ሆኖ የሚታየውም እርሱ ነው፤ ያ በቀላሉ ይታከማል። ጣጣው ደም ውስጥ ሲገባ ነው። ከ1500 ግራም በታች የተወለደ ልጅ ቆዳው ስስ፣ በሽታ የመከላከል አቅሙም ገና ነው፤ በደም ሥሩ የሚገባው ቱቦ ደግሞ በር ይከፍታል። አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን እንጂ ፈንገስን አይገድልም። እንዲያውም ለብዙ ቀን ሲሰጥ ጠቃሚዎቹን ባክቴሪያዎች ጭምር ስለሚያጠፋ ፈንገሱ ቦታ ያገኛል። መድኃኒቱ ይቅር እያልን አይደለም፤ ብዙ ልጅ የሚተርፈው በእርሱ ነው። ልጁ ካልተሻለው ግን እናት «ፈንገስ ይሆን እንዴ?» ብላ ብትጠይቅ ነውር የለውም። የደም ካልቸር ውጤት ቀናት ይፈጃል፤ ፈንገሱ እያለም ላያሳይ ይችላል። ፍሉኮናዞልና አምፎቴሪሲን ቢ የሚባሉ መድኃኒቶች አሉት።

እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በአዲስ አበባ፣ በጎንደርና በጅማ ሆስፒታሎች ያለጊዜያቸው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ጥናት ተደርጎ ነበር። ከሞቱት ውስጥ 30 በመቶ ያህሉን የገደለው ኢንፌክሽን ነው፤ የሚበልጠው የመተንፈስ ችግር ብቻ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2022 አሳሳቢ ፈንገሶችን ሲዘረዝር ካንዲዳን ከፊተኞቹ መድቦታል።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። ፈንገሱ ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው ብዙውን ጊዜ በእጅ ነው። እኛ ደግሞ ለጥየቃ ስንሄድ አምስት ስድስት ሆነን፣ ከነቀለበታችን፣ ከመንገድ አቧራ ጋር እንገባለን፤ «እስቲ ልየው» ብለን ጉንጩን እንነካለን። በፍቅር ነው፣ እናውቃለን። ከእንግዲህ ግን የምትገባው እናቱ ብቻ ትሁን፤ እርሷም እጇን በሳሙና እስከ ክርኗ ታጥባ። እኛ ገንፎውን ይዘን ደጅ እንቆይ። ቅቤ ማላሱም ይቅር፤ ለዚያ ልጅ የሚበጀው የእናቱ ጡት ወተትና ሐኪም ሲፈቅድ ደረቷ ላይ ታቅፋ መዋል ነው። ይህን ከገጠር ለሚመጡት እህቶች በአፋርኛ እንንገራቸው።

የዱቄት ወተት ልትገዙልን ላሰባችሁ ደጋፊዎቻችን፣ እግዜር ይስጥልን፤ ግን ገንዘቡ ለእናቶቹ ማደሪያና ምግብ ቢውል እንመርጣለን። ከሰመራ ዱብቲ ቅርብ ነው። ከአዋሽ አዳማ የተላከች እናት ግን ማደሪያ አጥታ ከተመለሰች ልጇ የጡት ወተት ከየት ያገኛል? መዋጮውን በሚቀጥለው ስብሰባ እንጀምራለን፤ ሳሙናውን የሰመራ እህቶች እንገዛለን ብለዋል።