ሃይማኖትን ስለ መመርመር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ ዛሬ የምንናገረው ወጣቶች ዘወትር ስለሚያነሡት ነገር ነው። ወደ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሊቃውንት የአሕዛብን ሁሉ ሃይማኖት ጎን ለጎን አቁመው ሲያነጻጽሩ ይሰማል። የአባቶቹም ሃይማኖት ከሌሎቹ ጋራ ሲመዘን ባየ ጊዜ ልቡ ይናወጣል። ወደ ቤቱ ተመልሶ ቢጠይቅ አባቱ «አትመራመር» ብሎ ይገሥጸዋል፤ ልጁም ጥያቄውን እንደ ያዘ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ይርቃል።

ይህ ጥናት በአውሮፓ የተስፋፋው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ዓመቶቹንም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንጠራለን። በኦክስፎርድ ያስተምር የነበረው ማክስ ሙለር የምሥራቅን ሕዝቦች መጻሕፍት እያስተረጐመ በ1879 ማሳተም ጀመረ፤ ሥራውም እርሱ ከሞተ በኋላ በ1910 በ50 ክፍል ተፈጸመ። እንግዲህ እንዲህ ያለው ምርመራ ሃይማኖትን ይጐዳልን? መልሱን ከሩቅ ሳንፈልግ ከገዛ ቤታችን፣ ከመጽሐፈ ሄኖክ እንማር።

ሐዋርያው ይሁዳ በመልእክቱ የሄኖክን ትንቢት ያነሣል። ዳሩ ግን አውሮፓውያን ከጥቂት ቁራጭ በቀር መጽሐፉን አያውቁትም ነበር። የእኛ አባቶች ግን ከ81ዱ መጻሕፍት ጋራ ቈጥረው፣ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ለትውልድ አቈዩት። ጎንደር ተቀምጦ የነበረው የስኮትላንድ ሰው ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ አገባ። ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ ጀርመናዊው ዲልማንም በ1851 የግዕዙን ንባብ አሳተመ። በዚያ ዘመን ከሊቃውንቱ አንዳንዶች መጽሐፉ ከክርስቶስ ልደት በኋላ የተጻፈ ነው ይሉ ነበር። ነገር ግን በ1952 በሙት ባሕር አጠገብ፣ በኩምራን ዋሻ፣ በአራማይክ ቋንቋ የተጻፈ የሄኖክ ብራና ቁርጥራጭ ተገኘ፤ ሚሊክ የተባለው ሊቅም በ1976 አሳተመው። ከእነዚህ ብራናዎች ከጌታችን ልደት በፊት የተጻፉ አሉባቸው። ሙሉው መጽሐፍ ግን እስከ ዛሬ በግዕዝ ብቻ ይገኛል።

እዚህ ላይ እውነቱን ሳንደብቅ እንናገር። ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው ክፍል በኩምራን አልተገኘም፤ ሊቃውንቱም ስለ ዘመኑ ይከራከራሉ። ይህን የሚናገረውን ሰው እንደ ጠላት ልንቈጥረው አይገባም። መርማሪ የብራናውን ዕድሜ ይመዝናል፤ ንባብን ከንባብ ያነጻጽራል። እግዚአብሔር በቃሉ መናገሩን ግን በዚህ ሚዛን ሊያገኘው አይችልም፤ ያ የእምነትና የጸሎት ድርሻ ነው።

ደግሞስ መመርመር ለእኛ እንግዳ ነውን? በመጻሕፍት ቤት መምህሩ ወንበር ዘርግቶ «አንድም፣ አንድም» እያለ ትርጓሜውን ያወርዳል፤ ደቀ መዝሙሩም እየጠየቀና እየተከራከረ ያድጋል። መጠየቅ ክሕደት ቢሆን ኖሮ አባቶቻችን ጉባኤ ባልዘረጉ ነበር።

ስለዚህ አባቶችና እናቶች ሆይ፤ ልጃችሁ ሲጠይቅ አትቈጡት፤ መልሱን ባታውቁት ወደ መምህር ይዛችሁት ሂዱ። ልጆች ሆይ፤ የሌላውን ሕዝብ ሃይማኖት በንቀት አትመልከቱ፤ የራሳችሁንም ሳትማሩ የሁሉን አወቅን አትበሉ። ባዕዳን ግዕዝ ተምረው፣ ዕድሜያቸውን ሰጥተው የመረመሩትን መጽሐፍ የእኛ ልጅ ከሣጥን ሳያወጣው ቢቀር ወቀሳው በማን ላይ ይሆናል? አባቶች መጽሐፉን ያቈዩልን እንድናነበው ነው።

እውነትን ለሚሹ ማስተዋልን የሚሰጥ አምላክ ልቡናችንን ያብራልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።