ከልጆች ጋር በሐድሪያኖስ ግንብ ሥር
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው ስለ ድልድይ ወይም ስለ ግድብ አይደለም። ለከፍተኛ ትምህርት በሰሜን እንግሊዝ፣ በኒውካስል ከተማ፣ በቆየሁባቸው ሁለት ዓመታት ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር በዕረፍት ቀናት ስለ ጐበኘነው የሮማውያን የጠረፍ ግንብ ነው። ስለ ግንቡ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ንጉሠ ነገሥት ሐድሪያኖስ ብሪታንያን የጐበኘው በ122 ዓ.ም. ነበር። በዚያው ዘመን የተጀመረው ግንብ ከባሕር እስከ ባሕር 117 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘልቃል። በየአንዳንዱ የሮማውያን ማይል አንድ ትንሽ ምሽግ፣ በሁለት ምሽጎች መካከልም ሁለት የጥበቃ ማማዎች ነበሩት።

በመጀመሪያው ቀን ይህን ሁሉ ለልጆቼ በሰፊው ለማስረዳት ሞከርኩ፤ አላደመጡኝም። ሃውስስቴድስ በተባለው ታላቅ ምሽግ ግን የስድስት ዓመት ልጄ የወታደሮቹን የጋራ መጸዳጃ ቤት ባየ ጊዜ ቆመና «አባዬ፣ ውሃው ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል?» ሲል ጠየቀኝ። ይህ የመሐንዲስ ጥያቄ ነው። ምሽጉ በተዳፋት ላይ ስለ ተሠራ፣ መጸዳጃ ቤቱን በታችኛው ማዕዘን አድርገው የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ በቦዩ እየወረደ ቆሻሻውን እንዲያወጣ አድርገዋል። ልጄ ቦዩን ተከትሎ እስከ መውጫው ድረስ ሄደ። የዘጠኝ ዓመቷ እኅቱን ያቆማት ደግሞ ቪንዶላንዳ ነበር። በዚያ፣ አየር የማይገባው እርጥብ አፈር ጠብቆ ካቈያቸው ብዙ የቆዳ ጫማዎች መካከል የሕፃናት ጫማዎች ይገኛሉ። ጫማዎቹን እያየች «እዚህም ልጆች ነበሩ ማለት ነው» አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ማስረዳቱን ትቼ እነርሱ የሚጠይቁትን መከተል ጀመርኩ።

ለእኔ የበለጠ ትምህርት የሆነኝ ግን ፕሌንትሪስ በተባለ ሜዳ ላይ የሚታየው አጭር የግንቡ ቁራጭ ነው። በዚህ ስፍራ 3 ሜትር ያህል ስፋት የነበረው ግንብ በድንገት ወደ 2 ሜትር ገደማ ይጠብባል፤ መሠረቱ ግን በፊተኛው ስፋት ይቀጥላል። መሠረቱ ከተጣለ በኋላ ንድፉ ተለውጦአል ማለት ነው። በሥራ መካከል ንድፍ ሲለወጥ ያላየ በመካከላችን አይኖርም፤ እነሆ የአሥራ ዘጠኝ መቶ ዓመት ምስክር! ይህም ቁራጭ ቢሆን የተረፈው በ1801 ከበርሚንግሃም በእግሩ የመጣ ዊልያም ኸተን የተባለ የ78 ዓመት ሽማግሌ፣ ድንጋዩን ለቤት ሥራ ያፈርስ የነበረውን ባለርስት ስለ ለመነው ነው።

ወደ ከተማ ስንመለስ ልጄ «የቀረውንስ ማን አፈረሰው?» ስትል ጠየቀችኝ። መልሱ ከመኪናችን ጎማ በታች ነበር። በ1745 በተነሣው ዐመፅ ጊዜ የመንግሥቱ ጦር መድፎቹን ይዞ ከኒውካስል ወደ ካርላይል ለመሻገር መንገድ ስላጣ፣ ከ1751 በኋላ አዲስ መንገድ ተሠራ። ብዙ ኪሎ ሜትሮችም በግንቡ በራሱ ላይ ተዘረጉ፤ ድንጋዩም ተሰባብሮ የመንገዱ መደላድል ሆነ። «እንግዲህ እንደ አንተ ያሉ ሰዎች ናቸው ያፈረሱት?» አለችኝ። አዎን ከማለት በቀር ሌላ መልስ አልነበረኝም።

ይህን አዎን ያልኩት ስለ ሌሎች ብቻ አልነበረም። ከምረቃዬ ጥቂት ዓመታት በኋላ በአገራችን በአንድ የመንገድ ሥራ ላይ ሳለሁ፣ ለመሙያ የሚሆን ድንጋይ ከሩቅ ከማመላለስ ብዬ በአቅራቢያው ኮረብታ ላይ የነበረ አሮጌ ካብ እንዲፈርስ ፈቀድኩ። አንድ ሽማግሌ ቀርበው «ልጄ፣ ይህ እኮ የቀደምቶች ቅጥር ነው» አሉኝ። እኔም ሥራው እንደ ቸኰለ ነግሬአቸው ዶዘሩን አስነሣሁ። ቁመቱን አልለካሁም፤ ንድፉን አልሣልኩም፤ ፎቶግራፍም አላነሣሁም። ቅጥሩ የማን እንደ ነበረና መቼ እንደ ተሠራ ዛሬ ከዚያ ስፍራ ሊያውቅ የሚችል የለም።

መንገድ አይሠራ ማለቴ አይደለም። መንገድ የሌለው ሕዝብ ችግሩ ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን በእኛ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ፣ በግንባታ ሥራ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው ባለሥልጣን እንዲያስታውቅ ደንግጎአል። ከዚህ በላይ እኛ በገዛ ፈቃዳችን ልናደርገው የምንችለው አለ፤ ይኸውም ማንኛውም አሮጌ ግንባታ ከመነካቱ በፊት መሣሪያችንን አቁመን መለካት፣ መሣልና የአካባቢውን ሽማግሌዎች መጠየቅ ነው። ይህ የአንድ ወይም የሁለት ቀን ሥራ ነው።

በመጨረሻው ጉብኝታችን ትንሹ ልጄ ፕሌንትሪስ ላይ መሠረቱንና ግንቡን በጫማው እየተከተለ ለካና «መሠረቱ 16፣ ግንቡ 11» ብሎ በደብተሩ ጻፈ። ያ የልጅ ልኬት እኔ ስላፈረስኩት ቅጥር ካለኝ ማስረጃ ሁሉ ይበልጣል።