ሞደምን ለኮምፒዩተር ስለ ማስተዋወቅ



ዛሬ የምናገረው በስልክ ሽቦ የሚሠራው ሞደም ለኮምፒዩተር እንዴት ይገለጽለት እንደ ነበረ ነው። ነገሩ የባለሙያዎች ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን ከወረዳ ወደ ዞን፥ ከዞን ወደ ክልል ሪፖርት ሲልክ የኖረ ሠራተኛ ብዙው ሳያውቀው ያለፈበት ጉዳይ ነው። ምሳሌውን ከወረታ እወስዳለሁ። ወረታ፥ እንደምታውቋት፥ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወጣው መንገድ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ከሚገነጠልበት ላይ የተቆረቆረች የፎገራ ወረዳ ከተማ ናት። ዙሪያዋ በክረምት ውሃ የሚተኛበት ሰፊ ሜዳ ነው። ከእንዲህ ያለ አገር የሚላክ ወሬ በጊዜው መድረሱ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ፥ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን ባጥለቀለቁና ሕዝቡን ከቤቱ ባፈናቀሉ ጊዜ ታይቷል።

ኢንተርኔት በአገራችን ለሕዝብ አገልግሎት የተከፈተው በ1989 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አማካይነት ነው። ከዚያ አስቀድሞ በአዲስ አበባ የሚገኘው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በስልክ ሽቦ መልእክት የሚያስተላልፍ አነስተኛ አገልግሎት ነበረው። አገልግሎቱ ከተከፈተ በኋላም ለብዙ ዓመታት የአብዛኛው ደንበኛ መግቢያ በር ያው የስልክ ሽቦ ነበር። ጥሪው ሲጀመር ከሣጥኑ ይወጣ የነበረውን የፉጨትና የጩኸት ድምፅ የማያስታውስ የዚያ ዘመን ሠራተኛ ያለ አይመስለኝም።

ያ ጩኸት ከንቱ አልነበረም። ኮምፒዩተር የሚያውቀው ዜሮንና አንድን ብቻ ነው፤ የስልክ ሽቦ ደግሞ የተዘረጋው ለሰው ድምፅ ነው። ሞደም ቁጥሩን ወደ ድምፅ ለውጦ ይልካል፤ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ጓደኛው ድምፁን መልሶ ወደ ቁጥር ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ1981 የታወቀው የሄይስ ኩባንያ ሞደም በሰከንድ 300 ቢት ያስተላልፍ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የጸደቀው ደንብ ይህን እስከ 56,000 አድርሶታል። ይህ መስመሩ ንጹሕ ሲሆን ነው። መጋጠሚያው ውስጥ እርጥበት በገባበት ሽቦ ላይ ግን ሁለቱ ሞደሞች እስኪደማመጡ ድረስ ፍጥነታቸውን እየቀነሱ ይወርዳሉ፤ አንዳንዴም ጨርሰው ይለያያሉ።

ሄይስ ለዓለም ያተረፈው ግን ፍጥነትን ሳይሆን የትእዛዝ ቋንቋን ነው። ኮምፒዩተሩ ሞደሙን ሲያዝ አስቀድሞ «ኤ» እና «ቲ» የሚባሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት ይልካል፤ ትርጓሜውም «ልብ በል» ማለት ነው። ቀጥሎ «ዲ» ካለ «ደውል» ማለቱ ነው፤ በዚያ ላይ «ቲ» ከጨመረ በቶን፥ «ፒ» ከጨመረ እንደ ድሮው ስልክ በምት ደውል ማለቱ ነው። ሞደሙም ይመልሳል፤ «ተገናኝቻለሁ»፥ «መስመሩ ተይዟል»፥ «የመስመር ድምፅ የለም» የሚሉ የታወቁ ቃላት አሉት።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ሞደም የሚሠራ ፋብሪካ ሁሉ እነዚያን ሁለት ፊደላት ሲቀበል፥ የቀረውን እንደ ወደደ አደረገው። በአንዱ ዘንድ የተሳሳተውን አርም የሚል ትእዛዝ በሌላው ዘንድ ሌላ ነገር ማለት ሆነ። ስለዚህ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ፥ ማለት የኮምፒዩተሩን ሥራ ሁሉ የሚመራው ፕሮግራም፥ ስለ እያንዳንዱ ሞደም የተጻፈ መግለጫ ያስፈልገው ጀመር። በዊንዶውስ 95 ዘመን ይህ መግለጫ ከሞደሙ ጋር በፍሎፒ ዲስክ የሚመጣ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነበር። በውስጡም የሞደሙ ስም፥ ሥራ ሲጀምር የሚሰጠው ትእዛዝ፥ ድምፅ ማጉያው የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ፊደል፥ የሚመልሳቸው ቃላትና የእያንዳንዳቸው ፍች በዝርዝር ተጽፎ ይገኛል።

ይህን እናንተ ከማንም ይልቅ ታውቁታላችሁ። ከሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሮ የመጣ ሠራተኛ የግል ማኅደሩ ሳይደርስ ቢቀር የሚሆነውን አስቡ። ሰውየው ሥራውን ያውቃል፤ ነገር ግን ደረጃው፥ ደመወዙና ችሎታው የተጻፈበት ወረቀት ስለሌለ በጊዜያዊነት ዝቅ ባለ ቦታ ይመደባል። ዲስኩ የጠፋበት ሞደምም እንዲሁ ነው። ኮምፒዩተሩ «መደበኛ ሞደም» ብሎ ይመዘግበዋል። መደወሉንስ ይደውላል፤ ነገር ግን ጽሑፍን የማመቅና ስሕተትን የማረም ችሎታውን የሚያዘው ስለሌለ፥ በአሥር ደቂቃ የሚያልቀውን ሪፖርት ጊዜ አብዝቶ ይልከዋል። የስልኩ ሒሳብ ደግሞ በደቂቃ ይቆጠራል!

ከነዚህ የባሱ ሞደሞችም ነበሩ። ዋጋቸው እንዲቀንስ ሲባል አብዛኛው ሥራቸው ለኮምፒዩተሩ የተተወላቸው ናቸው። እነዚህ የተሠራላቸው ፕሮግራም ከሌለ «ልብ በል» ቢሏቸው እንኳ አይሰሙም። በርካሽ የተገዛ ዕቃ ኋላ ያስከፍላል የሚባለው በነዚህ ላይ በርግጥ ይሠራል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልድረስ። ሞደሙን መግለጽ ብቻውን አይበቃም፤ ያለበት አገርና መሥሪያ ቤትም መገለጽ አለበት። ኮምፒዩተሩ በየት አገር እንዳለ፥ የአካባቢው መለያ ቁጥር ስንት እንደ ሆነ፥ ወደ ውጭ ለመደወል በቅድሚያ 9 ወይም 0 ይነካ እንደ ሆነ ይጠይቃል። ከ9 በኋላ የፈረንጅ ነጠላ ሰረዝ ቢጨመርበት ሞደሙ ብዙውን ጊዜ ሁለት ሰከንድ ያህል ይታገሣል፤ የመሥሪያ ቤቱ ማዞሪያ የውጭውን መስመር እስኪሰጠው ማለት ነው። በዚህች ምልክት መረሳት ብቻ ቀኑን ሙሉ ሲደውል የሚውል ኮምፒዩተር ሊኖር ይችላል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. የስልክ ቁጥሮቻችን ሲረዝሙና የሰሜን ምዕራቡ መለያ ከ08 ወደ 058 ሲለወጥ፥ በኮምፒዩተር ውስጥ የተጻፈውም ቁጥር መታረም ነበረበት። የግድግዳውን የቁጥር ዝርዝር ማረም ማንም አይረሳም፤ በማሽኑ ውስጥ ያለው ግን አይታይም።

ከሁሉ የከበደው የመስመር ድምፅ ነገር ነው። ሰው ስልክ ሲያነሣ የሚሰማው ድምፅ በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሞደሙ ደግሞ የሚጠብቀው የተሸጠበትን አገር ድምፅ ነው። የማዕከሉ ድምፅ ከዚያ የተለየ፥ ወይም በሽቦው ርዝመት የደከመ ሆኖ ሲያገኘው «የመስመር ድምፅ የለም» ብሎ ይዘጋል። በወረታ ያለ አንድ ጸሐፊ ይህን በማያ ገጹ ላይ አነበበ እንበል። መስመሩ ተበላሽቷል ብሎ ያመለክታል። የስልክ ሠራተኛው መጥቶ እጀታውን ሲያነሣ ድምፁ ጥርት ብሎ ይሰማዋል፤ «መስመሩ ደኅና ነው» ብሎ ፈርሞ ይሄዳል። ሁለቱም እውነት ተናገሩ፤ ጥፋቱ ግን ፎገራን አይቶ በማያውቅ ሰው የተጻፈው መግለጫ ነበር። የፈረንጅ ላም ብቻ የሚያውቅ ሰው የፎገራን ላም አይቶ ይህች ላም አይደለችም ቢል ፍርዱን ማን ይቀበለዋል? እኛ ግን ማሽኑ ሲናገር ቶሎ እናምናለን፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሳይሆን ሜዳው ላይ የተዘረጋውን ሽቦ እንወቅሳለን።

መድኃኒቱ ቀላል ነበር። በሞደሙ ማስተካከያ ገጽ ላይ «ከመደወልህ በፊት የመስመር ድምፅ ጠብቅ» ከሚለው ላይ ምልክቱን ማንሣት፥ አለዚያም በትእዛዙ ውስጥ «ኤክስ 3» የሚለውን መጨመር ይበቃል። ያን ጊዜ ሞደሙ ድምፁን ሳይጠብቅ ይደውላል። ይህን በቃል የሚያውቅ አንድ ሰው በነበረበት መሥሪያ ቤት ሪፖርቱ ይሄዳል፤ ሰውየው በተዛወረ ጊዜ ግን ዕውቀቱ አብሮ ይዛወራል።

የስልክ ሽቦ ሞደም ዘመን አልፏል። ብዙ ወረዳዎች በወረዳኔት በኩል በሳተላይት ተገናኙ፤ በኮርፖሬሽኑ ምትክ በ2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ተቋቋመ፤ የሞባይል መስመርም ተስፋፋ። ቋንቋው ግን አልሞተም። ሲም ካርድ የሚገባበት፥ በዩኤስቢ የሚሰካው ትንሽ ሞደም ብዙውን ጊዜ ኮከብ 99 መሰላል ብሎ የሚደውለው በነዚያው «ኤ» እና «ቲ» በሚባሉ ፊደላት ታዝዞ ነው። ከነዚህ ብዙዎቹ ሲሰኩ አስቀድመው እንደ ሲዲ ሆነው ይታያሉ፤ መግለጫቸውን በሆዳቸው ይዘው ስለሚመጡ ነው። ማኅደሩን በኪሱ ይዞ እንደ ተዛወረ ሠራተኛ ይቈጠራሉ።

እንዲህ ያለ ዕቃ በቢሯችሁ ካለ የሞዴሉን ስም፥ የሚደውልበትን ቁጥርና ለመግቢያ የተጻፈበትን ቃል በወረቀት ጽፋችሁ አንዱን ከዕቃው ጋር፥ ሁለተኛውን በመዝገብ ቤት አኑሩ። ኮምፒዩተሩ እንደ አዲስ የተጫነ ዕለት እነዚህን ሁሉ መልሶ ይጠይቃችኋል።