ከተዝካር ወደ ቋሚ ፈንድ፦ በመምህር ስም የምህንድስና ተማሪን መደገፍ



የምንወደው መምህር ሲያርፍ አርባውን፣ ሰማንያውንና ሙት ዓመቱን እናስባለን፤ ተዝካሩ ሲወጣ ድሃ ይበላል። ልማዱ ሙትን የምናስበው ሕያውን በመደገፍ እንደሆነ ያስተምረናል። ይህ ልማድ ቂሊንጦ በሚገኘው ግቢያችን ምን መልክ ሊይዝ ይችላል? መልሴ በመምህሩ ስም የሚቋቋም፣ ለምህንድስና ተማሪዎች የሚውል ቋሚ ፈንድ ነው።

«መንግሥት እያስተማረ ሌላ ድጋፍ ለምን?» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የወጪ መጋራት ደንብ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ፣ ከተመረቀ በኋላ እንዲከፍል ደነገገ። ላፕቶፕ፣ ለመመረቂያ ፕሮጀክት የሚገዛ ሞተርና ሴንሰር፣ ለተግባር ልምምድ የሚወጣ የትራንስፖርት ወጪ ግን ከዚህ ስሌት ውጪ ናቸው። ስለዚህ ገንዘብ የሌለው ተማሪ የሚመርጠው ችሎታው የሚፈቅደውን ሳይሆን ወጪ የማይጠይቀውን ፕሮጀክት ነው። በውጤት መግለጫው ላይ የማይታየው ትልቁ ኪሳራ ይህ ነው።

ገንዘቡ እንዴት ይዘልቃል? ኬሚስትና መሐንዲስ የነበረው አልፍሬድ ኖቤል እ.ኤ.አ. በ1895 በጻፈው ኑዛዜ ሀብቱ ሥራ ላይ ውሎ ትርፉ ብቻ በየዓመቱ እንዲከፋፈል አዘዘ፤ ሽልማቱ ከ1901 ጀምሮ ዛሬም ይሰጣል። እኛ ግን መዋጮውን በቁጠባ ሒሳብ አስቀምጠን ብንተኛ ፈንዱ በእጃችን ይሟሟል። በ2014 ዓ.ም. ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛ ወለድ 7 በመቶ ሲሆን፣ የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በዚያ ስሌት በዓመቱ መጨረሻ ወለዱ ሳይነካ እንኳ 1 ሚሊዮን ብር የሚገዛው ቀድሞ 823 ሺህ ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ነው። ስለሆነም የአንድ ቀን መዋጮ አይበቃም፤ ተመራቂዎች እንደ ዕድር በየወሩ ጥቂት ማዋጣት፣ ከትርፉም ከፊሉን ወደ ዋናው መመለስ፣ ሒሳቡንም በየዓመቱ ማስመርመር ይገባል። በሦስተኛው ዓመት የሚቋረጥ ድጋፍ ተማሪውን መንገድ ላይ ይጥላል፤ የመምህሩንም ስም ያጎድፋል።

በመጨረሻ፣ ክብር። ድጋፍ ጠያቂው ድህነቱን በአደባባይ እንዲመሰክር አይገደድ፤ የተመረጠውም ስሙ በማስታወቂያ ሰሌዳ አይለጠፍ። ጥሩ መምህር ደካማውን ተማሪ በክፍል ፊት አያሳፍርም፤ ቢሮው ጠርቶ ያስረዳዋል። በስሙ የሚሰጠውም ድጋፍ እንዲሁ ይሁን።