ዝም ያለው ልጅ ምን ያውቃል?



ዛሬ የምናገረው በባዕድ አገር አዲስ ትምህርት ቤት ስለሚገባ ልጅ ነው። ብዙ ልናነሣ እንችል ነበር፤ እኔ ግን የምቆየው በዝምታው ላይ ነው።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ግዛት አራተኛ ክፍል የገባ ልጅ አስቡ። መምህርቱ ስትገሥጸው ዐይኑን መሬት ላይ ይተክላል፤ ቤቱ ያስተማረው ጨዋነት ይህ ነውና። እርሷ ግን «ስናገርህ እየኝ» ትለዋለች። ስትጠይቀው አይመልስም። ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። በዚያ ጊዜ ልጁ ሥራ አልፈታም፤ ጆሮውን እያሠለጠነ ነው። በእንግሊዝኛ «መርከብ» እና «በግ» የሚባሉት ቃላት ለእርሱ አንድ ሆነው ይሰማሉ፤ በመካከላቸው ያለውን የአናባቢ ልዩነት አማርኛው አላስተማረውምና። ይህን ዝምታ የአእምሮ ድክመት ብሎ መመዝገብ የመጀመሪያው ስሕተት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ስውር ስለሆነ ይበልጥ ያሳስበኛል። ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ ልጁ በእንግሊዝኛ ይቀልዳል፣ ይጣላል፣ ለእናቱም ሐኪም ቤት ያስተረጉማል። ትምህርት ቤቱ «ቋንቋውን ጨርሷል» ብሎ ድጋፉን ያቋርጣል። ካናዳዊው ምሁር ጂም ካሚንስ ከ1970ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያስገነዘበው እዚህ ላይ ነው፦ የጨዋታ ቋንቋ በሁለት ዓመት ገደማ ሲያዝ፣ የመማሪያ መጽሐፍ ቋንቋ ግን አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ልጁ በሳይንስ ክፍል ሲወድቅ ታዲያ ጥፋቱ የስንፍና ይመስላል።

ሕጉስ? የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1974 ከሳን ፍራንሲስኮ በቀረበለት የቻይናውያን ተማሪዎች ክስ፣ ቋንቋውን ለማያውቅ ልጅ ያንኑ መጽሐፍና ያንኑ መምህር መስጠት ብቻውን እኩልነት እንዳልሆነ ወስኗል። ሆኖም ድጋፉ ምን ዓይነት መሆን እንዳለበት አልደነገገም።

በዚህ መካከል ብዙ ወላጆች፣ አንዳንዴም በመምህር ምክር፣ በቤታቸው አማርኛን ይተዋሉ። ውሳኔው ከፍቅር የመነጨ ነው፤ እኔ ግን አልስማማበትም። አባት በሙሉ አንደበቱ ሊያስረዳው የሚችለውን በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሲያሳጥረው ልጁ ከሁለቱም ወገን ይጎድልበታል። ትነት ምን እንደሆነ በአማርኛ የተረዳ ልጅ በእንግሊዝኛ የሚጎድለው ቃሉ እንጂ ሐሳቡ አይደለም።

በዚያ የሚያስተምር ባልደረባ ምን ያድርግ ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ ቀላል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ለልጁ ባዶ ወረቀት ይስጠውና በራሱ ፊደል እንዲጽፍ ይፍቀድለት። አንዲት ቃል ማንበብ ባይችል እንኳ፣ ዝም ያለው ልጅ ሳያቋርጥ ስንት መስመር እንደጻፈ ያያል።