«ዜሮ ረድፍ» የሚለው መልስ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ከመረጃ ቋት ጋር በትእዛዝ መስመር ስለ መነጋገር አንድ ነገር እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ ርእሱ ለዚህ መድረክ የጠበበ መስሎኝ ነበር። ሥራው ሁሉ በሥዕልና በቁልፍ ባጌጠ ገጽ በሚከናወንበት በአሁኑ ጊዜ፣ በጥቁር መስኮት ላይ ፊደል እየለቀሙ ከሰርቨር ጋር መነጋገር ለአንዳንዱ ያለፈበት ልማድ፣ ለሌላው ደግሞ የባለሙያ መመጻደቂያ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ ጉዳዩን ሳወጣና ሳወርድ አንድ አረጋዊ ትዝ አሉኝ፤ ንግግሬንም ከእርሳቸው ጉዳይ መጀመሩን መረጥሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የመረጃ ቋት ኃላፊ ሆኜ እሠራ ነበር። እኒህ አባት በመሥሪያ ቤቱ ቅርንጫፎች ከሠላሳ ዓመት በላይ አገልግለው ጡረታቸው በመድረሱ፣ የአገልግሎት ዘመን ማረጋገጫ ለመውሰድ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት መጡ። የማኅደር ክፍሏ ሠራተኛ ስማቸውን በኮምፒዩተሩ ቅጽ ላይ ጽፋ ብትፈልግ «መረጃ አልተገኘም» የሚል መልስ ወጣ። በማግሥቱ ተመልሰው መጡ፤ መልሱ ያው ነው። በሦስተኛው ቀን «ልጄ፣ እኔ አለሁ፤ የጠፋው ወረቀቱ ነው» ብለው ከወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ አልነሣምም አሉ። ልጅቱ ቢጨንቃት መታወቂያቸውን ይዛ ወደ እኛ ክፍል መጣች። የሰውዬውን ስም መግለጽ አይገባኝም፤ ለምሳሌ ያህል ግን «ኃይለ ሥላሴ» እንበላቸው።

ወደ ፍለጋው ከመግባቴ በፊት መሣሪያው ምን እንደ ሆነ ባጭሩ ማስታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1970 በካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ፣ በአይ.ቢ.ኤም. የምርምር ጣቢያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ኤድጋር ኮድ፣ መረጃ ሁሉ በሰንጠረዥ ተደርድሮ ሊቀመጥ እንደሚችል፣ ጠያቂውም መረጃው በዲስኩ ላይ የት እንዳለ ሳያውቅ የሚፈልገውን ብቻ ተናግሮ ሊያገኘው እንደሚችል የሚያስረዳ ጽሑፍ አወጣ። ከዚያ በፊት የነበረው ፕሮግራም አዘጋጅ ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው በጠቋሚ እየተመራ እንደ መርከበኛ መንገዱን ራሱ መፈለግ ነበረበት። ከአራት ዓመት በኋላ በዚያው ተቋም ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ለዚህ አሳብ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር የሚመስል የመጠየቂያ ቋንቋ አበጁለት፤ ዛሬ ኤስ.ኪው.ኤል. የምንለው እርሱ ነው። እኛ እንጠቀምበት የነበረው ፖስትግሬስ በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ በ1986 የተጀመረ ሲሆን፣ ይህን ቋንቋ የያዘው ግን አንድሩ ዩና ጆሊ ቼን የተባሉ ሁለት ተማሪዎች በ1990ዎቹ አጋማሽ ባደሱት ጊዜ ነው። ፒ.ኤስ.ኪው.ኤል. የሚባለው የትእዛዝ መስመር ፕሮግራምም ያን ጊዜ አብሮ መጣ።

ይህ ፕሮግራም በራሱ አንድም መረጃ አያስቀምጥም፤ ሥራው የመልእክተኛ ሥራ ነው። የጻፍነውን ዓረፍተ ነገር ተቀብሎ ለሰርቨሩ ያደርሳል። ሰርቨሩ የዓረፍተ ነገሩን አገባብ ይመረምራል፤ ሰንጠረዡን በየትኛው መንገድ ቢያነብ እንደሚፈጥን ያቅዳል፤ የተገኙትን ረድፎችም ይመልሳል። መልእክተኛው በዓምድ በዓምዱ ደርድሮ፣ ከሥር የረድፎቹን ቁጥር ጽፎ ያቀርብልናል። የቅጹ ገጽም ከበስተ ጀርባው የሚልከው ይህንኑ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሆኖም ያን ዓረፍተ ነገር ሌላ ሰው አስቀድሞ ጽፎ ቆልፎበታል። የማኅደር ክፍሏ ሠራተኛ የጠየቀችውን ጥያቄ በቃሉ አታውቀውም ነበር። በጥቁሩ መስኮት ግን ጥያቄውም መልሱም ከፊታችን ተዘርግቷል።

እናም መስኮቱን ከፈትሁ። አስቀድሜ በሰንጠረዡ ውስጥ ስንት ረድፍ እንዳለ አስቆጠርሁ፤ ከስድስት ሺህ በላይ ነበር። ይህን የማደርገው በልማድ ነው፤ በተሳሳተ ሰንጠረዥ ወይም በባዶ የሙከራ ቋት ውስጥ ቆሞ መፈለግ በእኛ ሙያ ያልደረሰበት የለምና። ቀጥሎ ስሙን በመታወቂያው ላይ እንዳለ ጽፌ «ሴሌክት» አልሁ፤ «ዜሮ ረድፍ» የሚል መልስ መጣ። ልጅቱም «አየህ ወንድሜ፣ የሉም እኮ» አለችኝ።

በዚህ ጊዜ ነው መሣሪያው የሚጠቅመው። ጥያቄውን መለወጥ ይቻላልና። በኤስ.ኪው.ኤል. «ላይክ» የሚባለው ማነጻጸሪያ ያልታወቀ አንድ ፊደልን በሥር ሰረዝ፣ ያልታወቁ ብዙ ፊደላትን በፐርሰንት ምልክት ይተካል። ሞክሼ ያላቸውን ፊደላት ሁሉ በዚህ ሸፍኜ ሞክሼ የሌላቸውን ብቻ አስቀረሁ፤ ማለት በመጀመሪያ አንድ ያልታወቀ ፊደል፣ ቀጥሎ «ይለ»፣ ከዚያ ያሻው ይከተል። ዘመናቸውንም ለመለየት የተቀጠሩበትን 1976 ዓ.ም. ጨመርሁ። አራት ሰዎች ወጡ። ሦስተኛው እርሳቸው ነበሩ፤ «ሃይለስላሴ» ተብለው ተመዝግበዋል።

ለእኔና ለእናንተ «ኃይለ ሥላሴ» እና «ሃይለስላሴ» አንድ ስም ነው፤ ለማሽኑ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ሦስተኛው ዩኒኮድ ለፊደላችን ቦታ ሲሰጥ ለእያንዳንዱ ሆሄ የየራሱን ቁጥር ሰጠ። ብዙኃኑ «ኃ» 4739 ነው፤ ሃሌታው «ሃ» 4611 ነው። ፊደል በቁጥር መሆኑን ለማየት የሚሻ ባልደረባ «አስኪ» የተባለውን ትእዛዝ በአንድ ሆሄ ላይ ይሞክረው። ማሽኑ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች የሚያዛምድበት ጆሮ የለውም። የዚህን አንድ ስም አጻጻፍ ብንቆጥር እንኳ፣ የመጀመሪያው ድምፅ በአማርኛ ስድስት መልክ አለው፤ እነርሱም ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ናቸው። «ሥ» ሁለት፣ «ሴ» ሁለት መልክ አላቸው። ስድስት በሁለት በሁለት ሲባዛ 24 ይሆናል፤ ተለያይቶም ተጋጥሞም ስለሚጻፍ 48 ይደርሳል። መዝገቡን ወደ ኮምፒዩተር ያስገቡት ብዙ ጸሐፊዎች ሲሆኑ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የፊደል ልማድ ነበራቸው።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ለእኔ የሚያኮራ ነው፤ ቀጣዩ ግን እንዲህ አይደለም።

ሰውዬውን አስገብቼ ስማቸውን እንዴት እንደሚጽፉ ጠየቅኋቸው። «በብዙኃኑ ኃ፣ በንጉሡ ሥ» አሉኝ፤ የድሮ ተማሪ ናቸው። ማረጋገጫው በትክክለኛ ስማቸው እንዲወጣ ወዲያውኑ ላርመው ፈለግሁ። የማረሚያው ትእዛዝ «አፕዴት» ነው፤ የትኛው ረድፍ እንደሚታረም የሚወስነው ደግሞ በመጨረሻ የሚመጣው «ዌር» የሚለው ሐረግ ነው። የመጀመሪያውን መስመር ጽፌ በጣቴ ልማድ ሴሚኮለን አደረግሁበትና ኢንተሩን መታሁ። በኤስ.ኪው.ኤል. ሴሚኮለን የዓረፍተ ነገር መጨረሻ ነው። «ዌር» ብዬ የማኅደር ቁጥራቸውን የምጽፈው በሁለተኛው መስመር ነበር፤ ሰርቨሩ ግን አልጠበቀኝም። «አፕዴት» ብሎ ከአጠገቡ በስድስት ሺህ የሚጀምር ቁጥር ጻፈ። የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ በሙሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ በአንድ ቅጽበት «ኃይለ ሥላሴ» ሆነ።

አረጋዊው ከጎኔ ተቀምጠው «ተስተካከለ?» ብለው ሲጠይቁኝ ምን ብዬ እንደ መለስሁ ዛሬ አላስታውስም። ለማግሥቱ ቀጠርኋቸው። በዚህም ለአራተኛ ቀን አመላለስኋቸው ማለት ነው።

ፒ.ኤስ.ኪው.ኤል. ካልተነገረው በቀር እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር እንደ ተፈጸመ ያጸድቃል፤ «ሮልባክ» ብሎ መመለስ የሚቻለው አስቀድሞ «ቢጊን» ለተባለ ሥራ ብቻ ነው። እኔ አላልሁም ነበር። ለአለቃዬ ነገርሁና የሌሊቱን መጠባበቂያ ቅጂ በሌላ ስም አስነሣነው። የስም ዓምዱን ብቻ በማኅደር ቁጥር እያዛመድን ወደ ዋናው ሰንጠረዥ መለስነው። ሥራው እስከ ማታ ወሰደ። በመጨረሻም ዋናው ስም ከቅጂው ስም የማይመሳሰልበት ረድፍ ካለ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁ። «ዜሮ ረድፍ» አለ። ደስ ብሎኝ ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርሁ።

በክፍላችን ከእኔ በዕድሜም በልምድም የሚበልጥ ባልደረባ ነበረን፤ ጋሼ እንለዋለን። መስኮቱን ጎንበስ ብሎ አየና «ዛሬ ጧት የተቀጠረ ሰው የለም?» አለኝ። ነበሩ፤ ሦስት ሰዎች። እነርሱ በሌሊቱ ቅጂ ውስጥ ስለሌሉ ስማቸው የሚነጻጸርበት ቦታ ባዶ ነው። በኤስ.ኪው.ኤል. ሕግ ከባዶ ጋር የተነጻጸረ ነገር ውጤቱ እውነትም ሐሰትም አይደለም፤ «አይታወቅም» ነው። «ዌር» የሚያሳልፈው ደግሞ እውነት የሆነውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሦስቱም አሁንም «ኃይለ ሥላሴ» ሆነው ሳለ መጠይቄ ዘልሏቸዋል። ጧት የልጅቱን «ዜሮ» ያልተቀበልሁ ሰው ማታ የራሴን «ዜሮ» ያለ ጥያቄ ተቀብያለሁ። ንጽጽሩን ባዶነትንም እንደ ልዩነት በሚቆጥረው «ኢዝ ዲስቲንክት ፍሮም» በሚለው ቃል ብጽፈው ሦስቱም ወዲያው ታዩ፤ ስማቸውንም ከወረቀት ማመልከቻቸው መልሰን ጻፍን።

ከዚያ ቀን በኋላ አሠራሬ ተለወጠ። ለማንበብ የምገባበት የመግቢያ ስም መጻፍ የማይፈቀድለት ነው። ለማረም ስገባ መጀመሪያ «ቢጊን» እላለሁ፤ በመጻፊያው መስመር መግቢያ ላይ ትንሽ ኮከብ ብቅ ስትል ሥራው ገና እንዳልጸደቀ አውቃለሁ። «ዌር» የሚለውን ሐረግ በ«ሴሌክት» ሞክሬ ረድፎቹን በዓይኔ ሳላይ በ«አፕዴት» ላይ አልጭነውም። ሰርቨሩ የሚመልሰው ቁጥር ከጠበቅሁት ጋር ሲገጥም ብቻ «ኮሚት» እላለሁ። ባዶ ቦታ እንደ ባዶ እንዳይታለፍም፣ ፕሮግራሙ በባዶው ፈንታ አንድ ጉልህ ምልክት እንዲያሳይ አዝዤዋለሁ።

ያንን ሰንጠረዥ በትርፍ ጊዜዬ መጠየቅም ልማድ ሆነብኝ። አንድ ቀን የሠራተኞቹን የልደት ቀን በወር በወሩ አስቆጠርሁ። ከስድስት ሺህ ሰው መካከል በጳጉሜን የተወለደ አንድም አልነበረም። ምክንያቱን ለማወቅ ብዙ አልቆየሁም። የአገራችን ቀን በፈረንጆች የቀን ዓምድ ውስጥ ተጽፎ ኖሯል፤ ያ ዓምድ ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ወር አያውቅም። ሁለተኛው ወር፣ ማለት ጥቅምት፣ ለእርሱ ፌብሩዋሪ ስለ ሆነ 30ኛውን ቀን ፈጽሞ አይቀበልም፤ ጥቅምት 29 የተወለዱትም የተገኙት ለአራት በሚካፈሉ ዓመታት፣ በ1948፣ በ1952፣ በ1956 ብቻ ነበር። ጸሐፊዎቹ ቅጹ እንቢ ሲላቸው የጳጉሜንን ልጆች ነሐሴ 30 ላይ አከማችተዋቸዋል። ይህ ሁሉ በቅጹ ገጽ ላይ በማንም ዓይን አልታየም፤ ቅጹ የሚያሳየው ሰው በሰው ነውና።

ወደ ስሙ ጉዳይ ልመለስ። የመጀመሪያ አሳቤ ስሞቹን ሁሉ በአንድ ዓይነት ፊደል ማረም ነበር፤ ጋሼ አልፈቀደም። «ሰው ስሙን እንዴት እንደሚጽፍ ማሽን አይወስንለትም» አለ፤ ትክክል ነበር። የስሙን ዓምድ እንዳለ ትተን ከጎኑ ሌላ ዓምድ ጨመርን። በዚህ ውስጥ «ትራንስሌት» የተባለው ትእዛዝ ሞክሼዎቹን ሁሉ ወደ አንድ ሆሄ ይመልሳል፤ በቃላት መካከል ያለውንም ክፍተት ያጠፋል። የቅጹም መጠይቅ በዚህ ዓምድ እንዲፈልግ ተደረገ። ልጅቱ አሁን በየትኛውም «ሃ» ብትጽፍ ሰውዬው ይወጣል፤ በማረጋገጫው ላይ የሚታተመው ግን ባለቤቱ የሚጽፈው ነው። አረጋዊው በአራተኛው ቀን ወረቀታቸውን ሲቀበሉ ስማቸውን በጣታቸው እየተከተሉ ካነበቡ በኋላ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

«ኃ/ሥላሴ» ወይም «ገ/መድኅን» ተብሎ በአሕጽሮት የገባውን ስም ግን ትራንስሌት አያገኘውም። እነዚያን አንድ በአንድ ከወረቀት ማኅደራቸው ጋር ማመሳከር ግድ ሆነ፤ እኔ ከመሥሪያ ቤቱ ስለቅ «ወ» ከሚለው ፊደል ደርሰን ነበር።