ስለ ሂስቶግራምና ስለ ሕፃናት ዕድሜ
(ለተማሪዎች ማኅበር የተደረገ ንግግር)



የጎንደር ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. ከተከፈተ ጀምሮ መዝገብ ይዞ ወደ ገጠር መውጣት ለተማሪው የትምህርቱ ክፍል ነው። ዛሬ የምንነጋገረው መዝገቡ ከተሞላ በኋላ ስለሚመጣው ሥራ ነው።

ከስሜን ደጋ ወይም ከደምቢያ ሜዳ የ60 ሕፃናትን ዕድሜና ክብደት ጽፈን ተመለስን እንበል። ቁጥሮቹ እንደ ተበተነ እህል ናቸው። በመጀመሪያ 11 ወር የሆናቸው ስንት፣ 12 ወር የሆናቸው ስንት እያልን እንቆጥራለን፤ ይህም የድግግሞሽ ሥርጭት ይባላል። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ዓምድ እናቆማለን። ዕድሜ የማይቋረጥ መጠን ስለሆነ ዓምዶቹ ተነካክተው ይቆማሉ፤ ሂስቶግራም ማለት ይኸው ነው። የክፍሎቹ ስፋት እኩል ካልሆነ ብዛቱን ለስፋቱ አካፍለን ቁመት እናደርገዋለን፤ አለዚያ ሰፊው ክፍል ያለ አግባብ ይገንናል።

አሁን ሥዕሉን እንመልከት። በ11 ወር 1፣ በ12 ወር 14፣ በ13 ወር 2 ሕፃናት ወጡ እንበል፤ በ24ና በ36 ወርም እንዲሁ ማማ ቆሟል። እናቶች ሁሉ በአንድ ወር አልወለዱም! «ዓመት ሆኖታል» ሲባል ጸሐፊው 12 ብሎ ስለ ጻፈ ነው። በ1976፣ በ1987ና በ1999 ዓ.ም. በተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎችም በ0ና በ5 የሚያልቁ ዕድሜዎች ከጎረቤቶቻቸው እጅግ በልጠው ታይተዋል። ክፍሉን ብናሰፋው ማማው ይሸሸጋል፤ ስሕተቱ ግን እዚያው ነው። ስለዚህ አስቀድሞ በጠባቡ መሣል ይበጃል።

ነገሩ የሥዕል ማማር ብቻ አይደለም። የ20 ወር ሕፃን 24 ተብሎ ከተጻፈ ክብደቱ ለዕድሜው ያነሰ ይመስላል፤ ያልተራበው ተርቧል ይባላል። የ27 ወሩ 24 ከተባለ ደግሞ የተጎዳው ደኅና መስሎ ያልፋል፤ የሚገባው ምግብም ሳይደርሰው ይቀራል።

መድኃኒቱ ከአማካይ ስሌት አይገኝም፤ ከጥያቄው ይገኛል። «እትዬ፣ ሕፃኑ የተወለደው ከጥምቀት በፊት ነው ወይስ በኋላ? ፍልሰታ ገብቶ ነበር?» ብለን እንጠይቅ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ስለሚነሡ የክርስትናውም ቀን ይረዳናል። ለእስላም ቤተሰብ ረመዳንና አረፋ እንደዚሁ ያገለግላሉ።

እንግዲህ ወዳጆቻችን፣ አማካዩን ለማስላት ከመቸኮላችን በፊት ዓምዶቹን በወረቀት ላይ እናቁም። ማማ ካየንም ተመልሰን እናቲቱን እንጠይቅ።